የካቶሊክ ካህናት ልብስና ቆብ ከየት መጣ? ቀለሙስ ምን ይናገራል?

የሮም ነዋሪ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሮም ከተማ ውስጥ በዕድሜ የገፉ አንዲት ጣሊያናዊት እናት እየተንከባከብኩ እኖራለሁ። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። እሳቸው አጥባቂ ካቶሊክ ናቸው፤ ቴሌቪዥናቸውም ከቫቲካን አይነቀልም። እ.ኤ.አ. ሜይ 8 ቀን 2025 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ልዮን 14ኛ ተመርጠው በሰገነቱ ላይ ብቅ ሲሉ እኚህ እናት እንባቸውን እየጠረጉ «ቀዩን ለበሱ! ቀዩን ለበሱ!» አሉ። ከእርሳቸው በፊት የነበሩት ፍራንቸስኮስ በ2013 በዚያው ሰገነት ላይ በነጭ ቀሚስ ብቻ እንደ ወጡ፣ በአንገት የሚንጠለጠለውን ረጅም ጨርቅ፣ እስቶላውንም ለቡራኬው ብቻ ደርበው ወዲያው እንዳወለቁት ያን ጊዜ ነገሩኝ። አንዲት የትከሻ ካባ ሰውን እስከ ማስለቀስ ከደረሰች ከበስተጀርባዋ ብዙ ነገር አለ ማለት ነው።

በዚያ ላይ ለገበያ ስወጣ ፓንቴዎን በሚባለው ጥንታዊ ሕንጻ ጀርባ አልፋለሁ። የካህናት ልብስ ሰፊዎች ሰፈር ነው፤ ከ1798 ጀምሮ የቆየው የጋማሬሊ ሱቅም እዚያው ነው። በመስኮቶቹ ላይ ጥቁር፣ ሐምራዊ፣ ቀይና ነጭ ትንንሽ ቆቦች፣ የወርቅ ጥልፍ ያለባቸው ካባዎች ተደርድረው አያለሁ።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ይህ ሁሉ ልብስ ከብሉይ ኪዳን ካህናት የተወረሰ ነው ወይስ ሌላ ምንጭ አለው? ትርጉሙስ አብሮት የመጣ ነው? ደግሞ በቅዳሴ መካከል ጳጳሱ ቆባቸውን ደጋግመው የሚያወልቁትና የሚደፉት ለምንድን ነው? የምታውቁ ብታስረዱኝ ለእናቲቱም እነግራቸዋለሁ።

ኦሪት አንባቢ

እኅቴ፣ መልሱ በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 28 ላይ ተጽፏል። እግዚአብሔር ለአሮን ለክብርና ለጌጥ የሚሆን ልብስ እንዲሠራለት ሙሴን አዝዞታል። ኤፉዱ፣ ዐሥራ ሁለቱ ድንጋዮች ያሉበት የደረት ኪስ፣ ሰማያዊው ቀሚስ፣ በመጠምጠሚያው ፊት የሚታሰረውና «ቅድስና ለእግዚአብሔር» የተቀረጸበት የወርቅ ቅጠል ሁሉም እዚያ አለ። የጳጳሱ ዘውድ የአሮን መጠምጠሚያ ነው፤ ካባው ኤፉዱ ነው። ሌላ ምንጭ መፈለግ አያስፈልግም።

ልብስ ሰፊ ከሆሳዕና

ልጄ፣ ጥያቄሽን ሳነብ መቀሴን አስቀምጬ ነው ለመጻፍ የተቀመጥኩት። ሥራዬ ይኸው ነው። ከወጣትነቴ ጀምሮ የቤተ ክርስቲያን ልብስ እሰፋለሁ፤ ሙያውን ያስተማሩኝ ደናግል ናቸው። በእኛ አካባቢ የላቲን ሥርዓት የሚከተሉ ቁምስናዎች ስለሚበዙ የሮሙን ልብስ ቅዱን፣ ገበሩንና ጥልፉን በእጄ አውቀዋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከላይ የጻፉት ወንድሜ መጽሐፉን በትክክል ጠቅሰዋል። ነገር ግን የላቲን ካህን ለቅዳሴ ከሚለብሳቸው ዋና ዋና ልብሶች አንዱም ከዘፀአት ተቀድቶ አልተሰፋም። ሁሉም የሮም ሰዎች በመንገድ ላይ ይለብሱት የነበረ ተራ ልብስ ነው። የአሮን ምሳሌ የተሰጠው ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ፣ የመካከለኛው ዘመን ሊቃውንት ካህኑ የለበሰውን እያዩ «ይህ ያንን ይመስላል» ብለው በጻፉ ጊዜ ነው። ልብሱ ቀደመ፤ ትርጉሙ ተከተለ። ይህን መናገር አንዳንድ ሰው ልብሱን ማቃለል ይመስለዋል፤ እኔ ግን በዚህ ምክንያት የበለጠ እወደዋለሁ።

ከውስጥ ልጀምርልሽ። አልባ የሚባለው ነጩ ረጅም ቀሚስ የሮማውያን የዘወትር ቀሚስ ነው። በአንገት ዙሪያ የሚታሰረው አራት ማዕዘን በፍታ የአንገት ላብ ውድ የሆነውን የላይኛውን ልብስ እንዳያበላሸው የሚከላከል ጨርቅ ነበር። ዛሬም ሥራው ያው ነው፤ ያለ እርሱ የተለበሰ ካባ ሲመጣልኝ የአንገቱ ጠርዝ ጠቁሮ፣ ሐሩ ተሰነጣጥቆ አገኘዋለሁ። የዲያቆኑ ዳልማቲካ እጅጌው ሰፊ የሆነው፣ በአድርያቲክ ባሕር ዳር ያለችው የዳልማትያ ሰዎች ቀሚስ ነው። የቅዳሴው ዋና ልብስ የሆነው ካሱላ ደግሞ መንገደኛ ከብርድና ከአቧራ የሚሸሸግበት፣ መካከሉ ላይ ለራስ ማስገቢያ ብቻ የተከፈተ፣ ዙሪያውን የተዘጋ መደረቢያ ነበር።

ታዲያ ተራው ልብስ እንዴት የካህናት ብቻ ሆነ? ሮማውያን ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ከሰሜን የመጡትን ሕዝቦች እያዩ አጭር ቀሚስና ሱሪ መልበስ ጀመሩ። ካህናቱ ግን ከረጅሙ ልብስ አልወጡም። የእኛን ካባ አስቢው፤ ዱሮ የመኳንንት ልብስ ነበር፤ ዛሬ መኳንንቱ ሳይኖሩ ሙሽራው ለብሶት ይታያል። ዘመኑ የተወውን ልብስ ሥርዓቱ ይዞ ያቆየዋል።

መጀመሪያ ላይ ልዩ ልብስ እንዳልነበረ የሚያስረዳ ጠንካራ ማስረጃ አለ። በ428 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቀለስጢኖስ 1ኛ በጋሊያ (በዛሬዋ ፈረንሳይ) ላሉ ጳጳሳት ደብዳቤ ጻፉ። አንዳንዶቹ ከሕዝቡ ለመለየት ብለው የተለየ መጎናጸፊያ እየለበሱ ወገባቸውን መታጠቅ ጀምረው ነበር። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ገሠጿቸው፤ ከሕዝቡ የምንለየው በትምህርታችን እንጂ በልብሳችን፣ በአኗኗራችን እንጂ በአለባበሳችን መሆን የለበትም አሏቸው። ይህን የተናገሩት የሮም ጳጳስ ራሳቸው ናቸው! አዲስ ካባ ሊያዝዙ መጥተው ወርቁ እንዲበዛ ለሚጠይቁኝ ሁሉ ይህን ደብዳቤ አነሣባቸዋለሁ።

በዓይንሽ ማየት ከፈለግሽ ጣሊያን ስላለሽ ዕድለኛ ነሽ። ራቬና በሚገኘው የቅዱስ ቪታሌ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በ547 ገደማ የተሠራ የሞዛይክ ሥዕል አለ። ንጉሠ ነገሥት ዮስጢንያኖስ ከነአጀቡ ቆሟል፤ አጠገቡ ሊቀ ጳጳሳት ማክሲምያኖስ ስሙ ከራሱ በላይ ተጽፎ ይታያል። ነጩን ቀሚስ ተመልከቺ፤ ከትከሻው እስከ ታች የሚወርዱ ጥቁር መስመሮች አሉበት፤ እነዚያ መስመሮች በማንኛውም የተከበረ ሮማዊ ቀሚስ ላይ ነበሩ። በላዩ ሰፊውን ካሱላ ደርቧል፤ ጨርቁ በቀኝ ክንዱ ላይ ተሰብስቦ ተጣጥፏል፤ እጁ ደግሞ መስቀል ይዟል። ራሱ ግን ባዶ ነው፤ ግንባሩ ገባ ያለ፣ ፀጉሩ የሳሳ ሰው ነው። ዘውድ የለ፣ ቆብ የለ። ያን ጊዜ የጳጳስ ዘውድ ገና አልተፈጠረም ነበር።

ያ ክንድ ላይ የተሰበሰበ ጨርቅ ለእኛ ለሰፊዎች ትልቅ ትምህርት ነው። ዙሪያውን የተዘጋ ካባ እጅ ሲነሣ ሁሉ ወደ ላይ ይሳባል፤ ይከብዳል። ካህኑ ሥጋወደሙን ከፍ ሲያደርግ አገልጋዩ የካባውን ጫፍ ከኋላ ያነሣለት የነበረው ለዚህ ነው። ጨርቁ በወርቅ ክር እየከበደ ሲሄድ ጎኖቹን እየቆረጡ መጡ፤ በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን ፊቱ እንደ ቫዮሊን ወገቡ የጠበበ፣ ክንዱ ሙሉ በሙሉ የተገለጠ ሆኖ ቀረ። አሁን ደግሞ ሰፊው ተመልሷል። እኔ ሰፊውን እመርጣለሁ፤ መልካም ጨርቅ ራሱ ሲወርድ ያምራል።

ትርጉሙ የገባው ካህኑ ልብሱን ሲለብስ በሚጸልየው ጸሎት በኩል ነው። የአንገቱን በፍታ ሲያደርግ የመዳንን ራስ ቁር በራሴ ላይ አኑር ይላል። አልባውን ሲለብስ በበጉ ደም ነጽቶ ነጭ መሆንን ይለምናል። እስቶላውን ሲያኖር አዳም ያጣውን የማይሞት ሕይወት ልብስ ይጠይቃል። ካሱላውን ሲደርብ ደግሞ «ቀንበሬ ልዝብ ሸክሜም ቀሊል ነው» ያለውን ጌታ ያስታውሳል። የመንገደኛ መደረቢያ ቀንበር ሆነ ማለት ነው፤ በትከሻ ላይ ስለሚያርፍ ነው የተመሳሰለው። አንድ ሌላ ጨርቅም ነበር፤ በግራ ክንድ ላይ የሚንጠለጠል፣ መነሻው መሐረብ የሆነ። በጸሎቱም የእንባና የድካም ምልክት ተደርጎ ነበር፤ በ1967 ግዴታ መሆኑ ቀረ። መሐረብ እንባን እንዲያመለክት ማን ማስረዳት ያስፈልገዋል?

በሰልፍና በቡራኬ ጊዜ የሚለበሰውን ፊት ለፊት ክፍት የሆነ ረጅም ካባ ስታዪ ጀርባውን ልብ በዪ። ከትከሻው በታች ጋሻ የሚመስል፣ በጥልፍ ያጌጠ ቁራጭ ተሰፍቶበታል። እርሱ የዝናብ ቆብ ነበር። ካባው የዝናብ መከላከያ ነበርና። ቆቡ ራስ ላይ መደፋት ሲቀር ተዘርግቶ፣ ተጠፍጥፎ ጌጥ ሆነ።

የሮም ነዋሪ (ጠያቂ)

እናቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እርስዎ የጻፉትን ለእናቲቱ እየተረጎምኩ ሳነብላቸው የዝናብ ቆቡ ጋ ስደርስ አስቆሙኝና የሟች ወንድማቸውን ፎቶግራፍ አወጡ፤ ካህን ነበሩ። ጀርባቸው በሚታይበት ፎቶ ላይ ያ ጋሻ የመሰለው ነገር አለ! ስለ ራስ መሸፈኛዎቹና ስለ ቀለሞቹም ቢቀጥሉልኝ ደስ ይለኛል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሦስት ደረጃ ያለው ዘውድ ይደፉ ነበር ይባላል፤ አሁን የት ገባ?

ከዋሽንግተን አካባቢ

ሦስት ደረጃ ስላለው ዘውድ እኔ ልመልስ፤ አንዱን በዓይኔ አይቼዋለሁና። ለመጨረሻ ጊዜ ዘውድ የጫኑት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ ናቸው፤ ጁን 30 ቀን 1963 ማለት ነው። ዘውዱን የሰጣቸው ቀድሞ ሊቀ ጳጳሳት ሆነው ያገለገሉት የሚላኖ ሕዝብ ነበር። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እየተካሄደ ሳለ፣ በኖቬምበር 1964፣ በቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ከዙፋናቸው ወርደው ያንን ዘውድ በመንበረ ታቦቱ ላይ አኖሩት፤ ለድኆች እንዲሆን። በኋላም ወደ አሜሪካ መጥቶ አሁን ዋሽንግተን በሚገኘው ብሔራዊ የንጽሕት ድንግል ማርያም ባዚሊካ፣ በታችኛው ፎቅ በመስታወት ውስጥ ይታያል። ከጠበቅሁት ይልቅ ቀለል ያለ ነው፤ እንደ ጥይት ጫፉ ሾጠጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሦስቱ ዘውዶች እንደ ቀለበት ዙሪያውን ከበውታል።

ሦስት የሆነው በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ነው። በዘውድ መጫን ሥርዓት ይነበብ የነበረው ቃል የነገሥታትና የመሳፍንት አባት፣ የዓለም ገዥ፣ የክርስቶስ እንደራሴ መሆናቸውን ያውጅ ነበር። ዮሐንስ ጳውሎስ 1ኛ በ1978 ዘውድ መጫኑን ተዉት፤ ከእርሳቸው በኋላ የመጡትም አልመለሱትም። በነዲክቶስ 16ኛ በ2005 ከግል ዓርማቸው ላይ እንኳ አንሥተው ሚትራ በሚባለው ባለ ሁለት ጫፍ የጳጳስ ዘውድ ተኩት።

ልብስ ሰፊ ከሆሳዕና

ወንድሜ መልካም አስረድተዋል። እኔ ስለ ሌሎቹ ልቀጥል።

ሚትራ፣ ማለትም ባለ ሁለት ጫፉ የጳጳስ ዘውድ፣ ከቅዳሴው ልብሶች መካከል ዘግይተው ከመጡት አንዱ ነው። መነሻው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት በሰልፍ ላይ የሚደፉት ነጭ ሾጣጣ ቆብ ነው። በ1049 ልዮን 9ኛ የሮሙን ሚትራ በጀርመን ለምትገኘው ለትሪየር ሊቀ ጳጳሳት እንደ ልዩ ክብር ሰጡ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ሌሎች ጳጳሳት ተዛመተ። መጀመሪያ ጫፎቹ በግራና በቀኝ እንደ ቀንድ ይቆሙ ነበር፤ በ12ኛው ክፍለ ዘመን አንዱ ወደ ፊት አንዱ ወደ ኋላ ዞረ። ሊቃውንቱ ሁለቱን ጫፎች ብሉይና ሐዲስ ኪዳን አሏቸው፤ ከኋላ የሚወርዱትን ሁለት ጥብጣቦች ደግሞ የመጽሐፍ ፊደልና መንፈስ። ኦሪት አንባቢ ወንድሜ የአሮንን መጠምጠሚያ ያነሡት ያለ ምክንያት አይደለም፤ የዘመኑ ጸሐፊዎችም አንሥተውታል። ነገር ግን ምሳሌ ሌላ፣ ምንጭ ሌላ ነው።

ስትሰፊው ሁለት ጠንካራ ፊቶች ናቸው፤ በመካከላቸው ለስላሳ ገበር ይታጠፋል። ስለዚህ ሲወልቅ ጠፍጣፋ ሆኖ ይተኛል፤ አገልጋዩም በቀላሉ ይይዘዋል። ይህ የሚጠቅመው ጳጳሱ ቶሎ ቶሎ ስለሚያወልቀው ነው። ሲቀመጥ፣ ሲያስተምር፣ ሲባርክ ይደፋዋል፤ ወደ እግዚአብሔር ሲጸልይ ያወልቀዋል። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ወንድ ራሱን ሳይከናነብ ይጸልይ ብሎ ስለጻፈ ነው።

መስኮት ላይ ያየሻት ትንሿ ቆብ ዙኬቶ ናት። ካህናት የአናታቸውን ፀጉር ይላጩ በነበረበት ዘመን ብርድ እንዳይመታቸው የተላጨውን ቦታ ይሸፍኑባት ነበር። የፀጉር መላጨቱን ሥርዓት ጳውሎስ 6ኛ በ1972 አስቀሩት፤ ቆቧ ግን ቀረች። በአብዛኛው ከስምንት ባለ ሦስት ማዕዘን ቁራጮች ትሰፋለች፤ ጫፎቻቸው አናት ላይ አንድ ነጥብ ላይ ካልተገናኙ ትጣመማለች፤ ለአንድ ክር ስሕተት ይቅርታ የማታደርግ ሥራ ናት። ነጯ የርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት፣ ቀይዋ የካርዲናል፣ ሐምራዊዋ የጳጳስ ናት። ሚትራ ቢወልቅም እርሷ ራስ ላይ ትቆያለች፤ ከመሥዋዕቱ ጸሎት መጀመሪያ እስከ ቁርባን ፍጻሜ ግን እርሷም ትነሣለች። በዚያ ሰዓት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳትም ባዶ ራስ ናቸው።

ካርዲናሎቹ ዱሮ ሰፊ ጠርዝ ያለው፣ መርገፍ የሚንጠለጠልበት ቀይ ባርኔጣ ነበራቸው። ኢኖሰንት 4ኛ በ1245 በሊዮን ጉባኤ ጊዜ የሰጧቸው ነው። ቀዩ እስከ ደም መፍሰስ ድረስ ለእምነት መቆምን ያመለክታል፤ ዛሬም ቀዩ ቆብ ሲሰጣቸው ይህ ይነገራቸዋል። ካርዲናሉ ሲሞት ባርኔጣው በካቴድራሉ ጣሪያ ላይ፣ ከመቃብሩ በላይ ይሰቀልና በስብሶ እስኪወድቅ ድረስ ይቆይ ነበር። ኒው ዮርክ በቅዱስ ፓትሪክ ካቴድራል ተሰቅለው የሚታዩ አሉ። በ1969 መሰጠቱ ቀረ፤ በዓርማ ላይ ግን አለ፤ በየጎኑ ዐሥራ አምስት መርገፍ ካየሽ የካርዲናል ነው። የእኛው ካርዲናል ጳውሎስ ጻድዋ በ1985፣ ካርዲናል ብርሃነየሱስ በ2015 ሲሾሙ ይህ ባርኔጣ ቀርቶ ነበር።

አሁን ወደ እናቲቱ እንባ። ቀይ የርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጥንታዊ ቀለም ነው። ነጩ የጀመረው በ1566 በተመረጡት በፒዮስ 5ኛ ነው፣ የዶሚኒካን መነኩሴ ስለነበሩ ነጭ ልብሳቸውን ይዘው ገቡ የሚል ታሪክ በየቦታው ትሰሚያለሽ። ልክ አይደለም። ከዚያ በሦስት መቶ ዓመት ገደማ የሚቀድመው የጎርጎርዮስ 10ኛ ዘመን የሥርዓት መጽሐፍ ነጩንም ቀዩንም ይጠቅሳል። በፈረንሳይ የመንድ ከተማ ጳጳስ የነበረው ዱራንዱስም በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከውስጥ ነጭ ከላይ ቀይ የሚለበስበትን ምክንያት ሲጽፍ፣ ነጩን ከንጽሕና፣ ቀዩን ስለ ሰው ከፈሰሰው ደም ጋር አያይዞታል። ስለዚህ ልዮን 14ኛ ቀዩን ሲደርቡ የቆየውን ጥንድ መልሰው አሟሉ። ፍራንቸስኮስ ነጩን ብቻ መምረጣቸውም ከቀለስጢኖስ ደብዳቤ ጋር የሚሄድ ነው። ሁለቱም ያስደስቱኛል።

ግእዝ ቀዳሽ

ለተሟላ ሥዕል ያህል አንድ ነገር ልጨምር። ካቶሊክ ሁሉ የሮሙን ልብስ አይለብስም። እኔ የማገለግለው በግእዝ ሥርዓት ነው፤ ካህናቶቻችን የሚቀድሱት እንደ ኦርቶዶክስ ወንድሞቻችን በካባና በላንቃ ነው። እኅቴ ከሮም አገር ቤት ስትመለሺ ወደ አንዱ የግእዝ ቁምስና ብትገቢ ልብሱ እንግዳ አይሆንብሽም። በ1839 ወደ አገራችን የመጡት ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያኮቢስ ራሳቸው የአውሮፓን ልብስ ትተው እንደ አገሩ መነኮሳት ይለብሱ ነበር።

የሮም ነዋሪ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እናቲቱ አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ልከውብኛል። በጴጥሮስ ወጳውሎስ በዓል ሊቃነ ጳጳሳት አንገት ላይ የሚደረገው፣ ጥቁር መስቀሎች ያሉበት ነጭ ቀጭን ነገር ከምንድን ነው የሚሠራው? ሱፍ ነው ይላሉ፤ እኔ ሐር መስሎኛል።

ልብስ ሰፊ ከሆሳዕና

እናቲቱ ትክክል ናቸው፤ ሱፍ ነው። ፓሊየም ይባላል። በየዓመቱ ጃንዋሪ 21 በቅድስት አግነስ በዓል የበግ ጠቦቶች ይባረካሉ፤ ፓሊየሙን የሚሸምኑት በትራስቴቬሬ በቅድስት ቼቺልያ ገዳም ያሉ ደናግል ናቸው። ስድስት ጥቁር መስቀሎች አሉት። ከተሠራ በኋላ በቅዱስ ጴጥሮስ መቃብር አጠገብ ይቀመጣል፤ ጁን 29 ቀን በዓመቱ ለተሾሙት ሊቃነ ጳጳሳት ይሰጣል። ትርጉሙ የጠፋውን በግ ፈልጎ በትከሻው የተሸከመው እረኛ ነው፤ ሱፍ መሆኑም ለዚህ ነው፤ ሐር ቢሆን ምሳሌው ይፈርስ ነበር። በራቬናው ሥዕል ማክሲምያኖስም በአንገቱ ላይ አድርጎታል፤ የእርሱ ሰፊና ረጅም ነው፤ አንድ መስቀል ብቻ ይታይበታል።

ፍራንቸስኮስ ከ2015 ጀምሮ ፓሊየሙን ባርከው ይሰጡ ነበር፤ በአንገት ላይ የማድረጉ ሥርዓት ግን በየሊቃነ ጳጳሳቱ አገር በሕዝባቸው ፊት ይፈጸም ነበር። በ2025 ልዮን 14ኛ ራሳቸው በእጃቸው ወደ ማድረጉ ተመለሱ። እናቲቱ በሚቀጥለው ጁን 29 ቴሌቪዥኑን ሲከፍቱ ጨርቁ ትከሻ ላይ እንዴት እንደሚያርፍ አብረሽ ተመልከቺ፤ ሐርና ሱፍ አወራረዳቸው አንድ አይደለም፤ ከሩቅ ትለዪዋለሽ።